ባሕር ማየት፦ በአልካይ ዳርቻ የተደረገ ጥናት

ስለ ባሕር ዳርቻ ሰው አኗኗር ለመጻፍ ብቃት ይጠየቃል ከተባለ፣ ይህ አጥኚ ብቃቱን ያገኘው በልደት ነው። የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ የማታውቅ ከተማ ናት። አጠገቧ ያለው ጣና ሐይቅ ነው። በልጅነታችን ግን ይህን ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ ማዶው ካልታየ ባሕር ነው፣ አለቀ። እንዲያውም የጂኦግራፊ መምህራችን «ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም» ብለው ሲያስተምሩ፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «እኛ ግን አለን» ሲል ክፍሉ በሙሉ አጨብጭቦለታል። መምህሩም ዝም አሉ፤ እሳቸውም የከተማው ሰው ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ ኑሮ ሲያትል ሲያደርሰኝ እውነተኛው፣ ጨው ያለበት፣ መርከብ የሚመላለስበት ባሕር ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። ሰፈሩ አልካይ ይባላል። የምዕራብ ሲያትል ጫፍ ነው። ከፊቱ ፒዩጀት ሳውንድ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ክንድ፣ ከማዶ በረዶ ያረፈባቸው የኦሎምፒክ ተራሮች፣ በዳርቻው አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር መንገድ፣ ከመንገዱ ወዲህ ደግሞ ከመስኮት ብቻ የተሠሩ የሚመስሉ አፓርታማዎች አሉ። ሐበሻው በብዛት የሚኖረው እዚህ አይደለም፤ በሬኒየር ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ከዚያም አልፎ በደቡብ በኩል ሬንተንና ኬንት ነው። አልካይ ላይ ቤት የመግዛት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት፣ ምናልባትም ራሱን የቻለ ሱባዔ ይፈልጋል። ስለዚህ አጥኚው ወደ ጥናቱ ቦታ የሚሄደው እንደ ማንኛውም የመስክ ተመራማሪ ከሩቅ ተነሥቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ ነው።

የጥናቱ ጥያቄ አንድ ነው፦ ባሕር አጠገብ ያለ ሰው ባሕሩን ምን ያደርገዋል? የመጀመሪያ መላምቴ «ይዋኝበታል» የሚል ነበር። ይህ መላምት ሁለት ቅዳሜ እንኳ አልዘለቀም። የአጠናን ዘዴው ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ማየት ነው። ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ለዚህ ዘዴ ረዘም ያለ ስም አላቸው፤ ልዩነቱ የእነሱን ወንበር የሚገዛው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው።

በፀሐያማ የሐምሌ ቅዳሜ አሸዋው ላይ ጠጠር መጣያ የለም። ውሃው ላይ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ጠጠር ሲወረውሩ ቢውሉ የሚመታ ሰው አይገኝም። በአንድ ውሎዬ ሲገቡ ያየኋቸውን ልመስክር፦ ኳስ ተከትለው የገቡ ሁለት ሕፃናት፣ ሕፃናቱን ተከትላ የገባች እናት፣ በጓደኞቹ ተገፍቶ የገባ ጎረምሳ፣ እና አንድ ውሻ። ውሻው በደንቡ መሠረት አሸዋውንም መርገጥ አልነበረበትም፤ በሲያትል ውሻ የባሕር ዳርቻ ላይ ማውረድ ክልክል ነው። ነገር ግን በገዛ ፈቃዱ የገባ እሱ ብቻ ስለሆነ ከናሙናው ላስወጣው ኅሊናዬ አልፈቀደም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። የዚህ ባሕር ውሃ በክረምት 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በበጋ ፀሐይዋ ለወራት ደክማ ደክማ 13 ግድም ታደርሰዋለች። (በጋ ስል የእነሱን ነው፤ በእኛ ክረምት የሚገባበትን።) 13 ዲግሪ ማለት ከፍሪጅ ወጥቶ ትንሽ የተዘነጋ ቢራ ነው። ባሕሩ ጥልቅ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሞላ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ በሞላና በሸሸ ቁጥርም የታችኛውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያማስለዋል። እንደ ጠላ ነው፤ የሚያማስል ካለ አተላው ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ከተማውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በበጋ ነፍስ አድን ዋናተኞችን የሚያቆመው በዋሽንግተን ሐይቅና በግሪን ሌክ ዳር እንጂ አልካይ ላይ አይደለም። የሲያትል ሰው መዋኘት ሲያምረው ወደ ሐይቅ ይሄዳል ማለት ነው። የባሕር ዳር ልጆች ይህንን ጥንት ተናግረን ነበር።

በእርግጥ ከአልካይ በስተምሥራቅ፣ የመንገደኞች ጀልባ ከሚቆምበት አጠገብ፣ አዘውትረው ውሃ ውስጥ የሚገቡ ጠላቂዎች አሉ። ከሥር ትልልቅ ባለ ስምንት እጅ ኦክቶፐሶች ስለሚኖሩ እነሱን ለማየት ነው። አጥኚው አንዱን ጠላቂ ሲዘጋጅ ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት ተከታትሎታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ወፍራም የጎማ ልብስ ለበሰ፣ የጎማ ጓንት አጠለቀ፣ የጎማ ቆብ ደፋ፣ መስታወት ፊቱ ላይ ገጠመ፣ በጀርባው አየር ተሸከመ። ከባሕሩ ጋር የሚነካካ አንድም የሰውነቱ ክፍል እንዳልቀረ ሲያረጋግጥ ወደ ባሕሩ ገባ። ሲወጣ ከፔርሙስ ትኩስ ነገር ቀድቶ እየተንቀጠቀጠ ጠጣ። ስለዚህ እሱንም ከዋናተኛ አልቆጠርኩትም።

የአልካይ ሰዎች ዋናን የተዉት ዛሬ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ታሪክ መግባት ግድ ይላል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ኖቬምበር 13 ቀን 1851 «ኤግዛክት» የምትባል ባለ ሸራ መርከብ ሲያትልን የቆረቆሩትን ነጮች አልካይ አሸዋ ላይ አራገፈቻቸው። ይዘንብ ነበር። ቀድሞ የመጣው ወጣት ዴቪድ ዴኒ ጎጆ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ግን ታሞ ስለነበር ጎጆው ጣራ አልነበረውም። ሴቶቹ እንዳለቀሱ ተጽፏል። ወደ አልካይ የሚሄድ ሰው የዝናብ ልብስ መያዝ እንዳለበት ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰነድ የተረጋገጠ ነው።

ከመጡት አንዳንዶቹ የኒውዮርክ ሰዎች ነበሩና ጣራ የሌለውን ሰፈር «ኒውዮርክ» አሉት። ቀጥሎም «አልካይ» የሚል ተጨመረበት። በቺኑክ ጃርጎን፣ ማለትም በአካባቢው ነባር ሕዝቦችና በነጋዴዎች መካከል በነበረው መግባቢያ፣ ቃሉ «ውሎ አድሮ» እንደ ማለት ነው። «ኒውዮርክ፣ ውሎ አድሮ።» እኛ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለውን እነሱ የመንደር ስም አደረጉት። ቃሉ ዛሬ የመላው የዋሽንግተን ግዛት መሪ ቃል ነው። «ውሎ አድሮ» ብሎ የጻፈ መንግሥት ቢያንስ ሐቁን ተናግሯል፤ ሌሎቹ ሳይጽፉ ነው የሚያደርጉት። ቡና አብረን የምንጠጣ አንድ ወዳጄ ደግሞ «አል» የአማርኛ አፍራሽ ነው፣ «አልገባም»፣ «አልዋኝም» ከሚለው የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል። ማስረጃ የለውም። ከመስክ ግኝቱ ጋር ግን አይጋጭም።

እንቁላሉም በእግሩ ሄደ፤ የሄደው ወደ ማዶ ነው። ክረምቱን እንደምንም ካሳለፉ በኋላ ሰዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ አልካይ ለነፋስ የተጋለጠ ነው፣ መርከብ ተደላድሎ የሚቆምበት ቦታ የለውም። እንደሚነገረው የአንዷን ሚስት የልብስ ማስጫ ገመድ ወስደው፣ ጫፉ ላይ የፈረስ ብረት ጫማ አስረው፣ የባሕረ ሰላጤውን ጥልቀት እየለኩ ዞሩ። በ1852 አብዛኞቹ ዛሬ መሀል ከተማው ወዳለበት ማዶ ተሻገሩ። አንባቢ ይህን ገመድ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ዱዋሚሽ የሚባሉት ሰዎች እዚሁ ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል። ታንኳቸውን አሸዋው ላይ ስበው ያቆሙ ስለነበር ጥልቀት መለካት አላስፈለጋቸውም። ከተማው ስሙን ያገኘው ከአለቃቸው ከሲያትል ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ግን ዱዋሚሽን እስከ ዛሬ እንደ ነገድ በይፋ አላወቃቸውም። ሰውየው ለከተማ ስም መሆን ይችላል፣ ሕዝቡ ግን ሕዝብ መሆኑ ገና ይጣራል። ምናልባት ውሎ አድሮ።

ወደ ዛሬው ሰው እንመለስ። ባሕሩ ውስጥ ካልገባ ምን ሲሠራ ይውላል? ወክ ያደርጋል። ይህን ቃል አማርኛ ከተዋሰው ስለቆየ እዚህ መተርጎም አላስፈለገኝም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ጫፍ ሲደርስ ዞሮ ይመለሳል። ባለ ጎማ ጫማ ያደረገ አለ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ አለ፣ ውሻ በሕፃን ጋሪ የሚገፋ አለ። የውሻውን ጋሪ ባየሁ ጊዜ ይህ ጥናት መደረጉ ራሱ ትክክል ነው ወይ ብዬ ለጥቂት ጊዜ ተጠራጥሬአለሁ። የባሕር ዳርን የሐይቅ ዳር መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይለምደዋል። እዚያም ቢሆን ከዘንባባው ሥር ወዲያና ወዲህ የምንለው ጣናን ፈልገን ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደ ወጣ ለማየት ነበር። ልዩነቱ አልካይ ላይ ማንም ማንንም አያውቅም፤ ስለዚህ የሚታየው ውሻው ነው።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል የተከናወነው አክስቴ ከባሕር ዳር ለጥየቃ በመጣች ጊዜ ነው። ሰኔ ነበር። እንደ አብሮ አጥኚ ልትቆጠር ይገባታል፤ ከእኔ ይልቅ ደፋር ጥያቄ የምትጠይቀው እሷ ነበረችና። እግረኛ መንገዱ ላይ ያለችውን ትንሿን የነጻነት ሐውልት አየች። ቦይ ስካውቶች በ1952 ያቆሟት የኒውዮርኳ ቅጂ ናት፤ በ2007 እንደ አዲስ በነሐስ ተቀርፃለች። ዋናዋ ብቻዋን 46 ሜትር ናት፣ ይቺ ግን ከሰው ብዙም አትበልጥም። አክስቴ ዞር ዞር ብላ አየቻትና «ልጇ ናት?» አለችኝ። «ኒውዮርክ፣ ውሎ አድሮ» ለሚለው ስም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም ጽሑፍ አላገኘሁም። ገና እያደገች ነው።

ከባዱ ችግር የተነሣው አመሻሽ ላይ ነው፤ ማለትም አመሻሽ መሆን በነበረበት ጊዜ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር በተደረገ ስምምነት ላይ የቆመ ነው፦ 12 ሰዓት ግድም ትወጪያለሽ፣ 12 ሰዓት ግድም ትገቢያለሽ። አልካይ ላይ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ግድም ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ! አክስቴ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች፣ አንድ ጊዜ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን እያጣፋች «ይቺ ፀሐይ ቤት የላትም እንዴ?» አለች። ራት መብላት አልቻለችም፤ በፀሐይ ራት መብላት የልጅ ነገር ነው ብላ። መተኛትም አልቻለችም። ረመዳን በሰኔ በዋለባቸው ዓመታት የወሎው ጎረቤቴ ያለፈበትን ፈተና ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተረዳሁለት። በታኅሣሥ ደግሞ ይቺው ፀሐይ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ተሰብስባ ትገባለች፤ በበጋ ያባከነችውን የምትመልሰው ከእኛው ላይ ነው።

እንግዲህ የአልካይ ሰው ዋና ሥርዓት የሚፈጸመው በዚህች ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ወደ ኦሎምፒክ ተራሮች ስትጠጋ ሕዝቡ ወንበሩን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ወሬ ይቀንሳል። ስልኮች ይነሣሉ። ጠርዟ ከተራራው ጀርባ ስትሰወር አንዳንዱ ያጨበጭባል። ይህን ጭብጨባ ስሰማ ያ ከክፍሉ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ በረደኝ ይላል፣ ሹራብ ይወጣል።

ባሕሩ በሚሸሽበት ጊዜ የሚታየውን ነገር ሳልዘግብ ማለፍ አልችልም። በሰኔ ከዓመቱ ዝቅተኛ ከሆኑት ሽሽቶች ጥቂቶቹ በቀን ይውላሉ፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ያን ጊዜ አልካይ ጫፍ ላይ ካለው የመርከብ መብራት ማማ አጠገብ ባለው ድንጋያማ ዳር የባሕሩ ጓዳ ተከፍቶ ይታያል፦ ሐምራዊ ኮከብ የመሰሉ ነገሮች ድንጋይ ላይ ተለጥፈው፣ ሲነኳቸው የሚጨማተሩ አበባ መሳይ ፍጥረታት፣ ዛጎል ጠቅልሎ የሚሄድ ሸርጣን። የሲያትል አኳሪየም በጎ ፈቃደኞች እየዞሩ ያስረዳሉ። የፈረንጅ ሳይንስ እነዚህን ፍጥረታት በብዙ መቶ ወገኖች ይከፍላቸዋል። አክስቴ በሁለት ከፈለቻቸው፦ የሚበላና የማይበላ። ከዚያ እየተራመደች ሁሉንም በጣቷ አሳለፈቻቸው። «አይበላም። አይበላም። ይሄ ደግሞ ከነጭራሹ አይበላም።» ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ነገር ዘሌዋውያን ቀድሞ ስለከለከለው ሥራዋ ፈጣን ነበር። የሚበላው ረድፍ ባዶ ሆኖ ቀረ። በርግጥ እዚያ ዳር ምንም ነገር መልቀም ክልክል ነው፤ ስለዚህ የሙሴ ሕግና የከተማው ደንብ ቃል በቃል ተስማምተዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆመች። ከአሸዋ የተሠራ፣ ክብ፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ነገር ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው። «ማቶት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ጀበና ቢቀመጥበት አይወላገድም። አጠገባችን የቆመችው በጎ ፈቃደኛ ግን ነገሩ አንዲት ትልቅ ቀንድ አውጣ አሸዋን በልሃጯ እየለወሰች የሠራችው እንደሆነና በውስጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል እንዳለ ነገረችን። ተረጎምኩላት። አክስቴ እጇን ሰበሰበችና «አይ፣ እናት ናት» ብላ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሷም ባለ ሙያ ናት» ብላ አለፈች።

ማቶት ያነሣችው በምክንያት ነው፤ ጀበናው መኪና ውስጥ ነበር። አልካይ ላይ ከተማው ያስቀመጣቸው ጥቂት የእሳት ማንደጃዎች አሉ፤ የመጣ ቀድሞ ይይዛል። ፈረንጆቹ በዙሪያው ተቀምጠው በእንጨት ጫፍ የተሰካ ነጭ ጣፋጭ ነገር ይጠብሳሉ። ማንደጃ ለመያዝ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሥራ የአክስቴን ልጅ ልጅ፣ የ15 ዓመቱን፣ በስልኩ ባትሪ ልክ ቀጠርነው። ከሰዓት ስንደርስ ቦታውን አስከብሮ፣ በብርድ ተቆራምዶ አገኘነው። እሳቱ ተቀጣጠለ። የባሕር ነፋስና የጀበና ቡና ግን ጠላቶች ናቸው፤ ነፋሱ ፍሙን ያራግባል፣ ቡናው በደቂቃ ይገነፍላል። አክስቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ከነፋሱ በኩል ቆመች፣ ልጁ ሌላውን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ጀበናውን አወጣሁ አገባሁ። እጣኑ ሲጨስ ጭሱ ወደ ጎረቤቶቻችን ሄደ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተነሥተው መጡና የሚሸተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አክስቴ ትርጉም ሳትጠብቅ ሲኒ አቀበለቻቸው። ጠጡ፤ ሊሄዱ ሲነሡ «ገና አቦል ነው፣ ንገራቸው እንጂ!» ብላ እኔን ተቆጣችኝ። ሰውየው በረካው እስኪደርስ ተቀመጡ። ሦስት ሲኒ ሙሉ ከባሕሩ ፊት ተቀምጠን፣ አንዳችንም አንድም ጊዜ ስለ ባሕሩ አላነሣንም። ይህ ከጥናቱ ዋና ግኝቶች አንዱ ነው።

ዋነኛው ግኝት ግን ፓርኪንግ ነው።

ሰፈሩ ዳርቻውን ይዞ የተዘረጋ ስለሆነ ከዳርቻው ጋር አንድ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ የሚፈልገውም ያንን መንገድ ነው። በሞቃት ቅዳሜ መኪኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ይዞራሉ። አጥኚው የሚዞሩትን በሁለት ወገን ለመክፈል ሞክሮ ነበር፦ ሙዚቃቸውን ከፍተው ለመታየት የሚዞሩና መቆሚያ አጥተው የሚዞሩ። ክፍፍሉ አልሠራም። ፍጥነታቸው አንድ ነው፣ መስኮታቸው ክፍት ነው፣ ፊታቸው ያው ነው፤ እንዲያውም በመጀመሪያው ዙር መቆሚያ ፈላጊ የነበረው በአምስተኛው ዙር ሙዚቃ ሲከፍት አይቻለሁ።

በዚህ ማኅበረሰብ ከፍተኛው ማዕረግ ቁልፍ በእጁ ይዞ ወደ ቆመ መኪና የሚራመድ ሰው ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሰው ታየ። ቁምጣ የለበሰ፣ እግሩ አሸዋ የያዘ፣ ቁልፉን በጣቱ የሚያሽከረክር። ወዲያው ከኋላው አንድ መኪና ፍሬቻ አበራ፣ ከእሱ ኋላ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደረሰ። ማንም ጡሩምባ አልነፋም፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። ሰውየው ደረሰ። የኋላ ሻንጣውን ከፈተ። ጎንበስ አለ። ሹራብ አወጣ፣ ለበሰ፣ ሻንጣውን ዘጋ፣ ወደ አሸዋው ተመለሰ። የፊተኛው መኪና ፍሬቻውን ያጠፋበት አጠፋፍ እስካሁን ይታየኛል። ሦስተኛው መኪና ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስ። እነዚያ ሰዎች በ1852 አልካይን ጥለው የሄዱት ሰፈሩን ስለጠሉት አይደለም። ማቆሚያ ስላጡ ነው። የልብስ ማስጫ ገመድና የፈረስ ጫማ ይዘው በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያደረጉት ነገር፣ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በዳርቻው ከማደርገው በዓይነቱ አይለይም። ሰፈሩ ከተቆረቆረ ጀምሮ ያለው አንድ ችግር ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ሞክረውታል። በ1907 ሉና ፓርክ የሚባል የመዝናኛ ቦታ ከፈቱ፣ በ1913 ዘጉት፤ ባሕሩ በጣም ሲሸሽ የተሠራበት ምሰሶ ጉቶ አሁንም ብቅ ይላል። በ1978 አንድ የጭነት መርከብ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባውን ድልድይ ገጨው፤ ረጅሙ አዲሱ ድልድይ በ1984 ተከፈተ። እሱም በማርች 2020 ተሰንጥቆ ተገኘና ሁለት ዓመት ተኩል ተዘጋ። ድልድዩ የተዘጋ ጊዜ ነዋሪዎቹ ደሴት ሆንን ብለው አማረሩ። እኔም ሳልቀር በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ፤ መሄዱስ ተሳካ፣ መቆሙ ግን ያው ነበር።

አክስቴ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት «ያንን ባሕር አንዴ ልየው» አለች። እስካሁን ስታይ የነበረው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። በሥራ ቀን፣ በጠዋት ሄድን፤ ቦታ ወዲያው ተገኘ። አሸዋው ባዶ ነበር። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ አማተበች፣ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ እስከ ባት። እኔ ከውጭ ቆሜ «እትዬ፣ ይበርድሻል» እላለሁ። «ዝም በል አንተ፣ ለቁርጥማት ነው» አለችኝ። ከዚያ ባዶ ሃይላንድ ከቦርሳዋ አውጥታ ጎንበስ ብላ ሞላችው፤ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፣ ክዳኑን አጠበቀች። በዚህ ጥናት ዘመን ሁሉ ከባሕሩ አንድ ነገር ልትወስድ መጥታ ወስዳ የሄደች እሷ ብቻ ናት። አጥኚው እስከ ዛሬ አልገባም።

ሃይላንዱን ግን ሻንጣዋ ከልኩ በላይ ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። ፍሪጄ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን ነው፤ በእጇ «አይጠጣም» ብላ ጽፋበታለች።